ጥር በደምበል ዳር፣ ጥር በኮቤ ወደብ

ጥር 9 ቀን 1987 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል፣ በአገሬው ሰዓት፣ በእኛ አነጋገር 11፡46 ላይ፣ ኮቤ የተባለችው የጃፓን የወደብ ከተማ ተናወጠች። መሬቱ የተንቀጠቀጠው ለ20 ሰከንድ ያህል ነው፤ መጠኑ 6.9 ነበር። በዚያች አፍታ በዓምዶች ላይ የተዘረጋው አውራ ጎዳና በጎኑ ተጋደመ። ከዓለም ታላላቅ ወደቦች አንዱ የነበረው የኮቤ ወደብ የመርከብ መቆሚያዎቹ ተሰነጣጠቁ። የእንጨት ቤቶች ጥቅጥቅ ብለው የተሠሩባቸው ሰፈሮች ነደዱ። ሟቾቹ ተቆጥረው ሲያበቁ 6,434 ሆኑ።

ኮቤ እንዲህ ዓይነት ክፉ ቀን የምትጠብቅ ከተማ አልነበረችም። ወደቧን ለውጭ ንግድ የከፈተችው አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ባረፉበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ከዚያ ወዲህ የውጭ ነጋዴ፣ ቡና፣ ጫማና ዳቦ በእርሷ በኩል ወደ ጃፓን ሲገቡ ኖረዋል። መንቀጥቀጡ ዓመት ሳይሞላው፣ በ1988 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ከተማዋ ገና ፍርስራሿን አንስታ ሳትጨርስ መሐል ጎዳናዋ ላይ የብርሃን ቅስቶች ቆሙ። ንድፉን ያወጡት ቫሌሪዮ ፌስቲ የተባለው ጣሊያናዊና ጃፓናዊው ሂሮካዙ ኢማኦካ ናቸው። አምፖሎቹን በስጦታ የሰጠው የጣሊያን መንግሥት ነበር። በደቡብ ጣሊያን ሰው የቅዱሳኑን በዓል ሲያከብር ጎዳናውን በእንዲህ ያለ የእንጨት ቅስትና አምፖል ማስጌጥ የቆየ ልማዱ ነው፤ ኮቤ የወሰደችው ያንን ነው። ስሙም ከዚያው መጣ፦ ሉሚናሪዬ።

ሐሳቡ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ሕዝቡ ግን እንዳይቀር ጠየቀ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲደርስ መደገስ ሆነ። ኮሮና ለሦስት ዓመት አቋረጠው። ሲመለስ ወሩን ቀይሮ በጥር መጣ፤ አንድ ጎዳና ላይ መወሰኑም ቀርቶ መብራቱ እስከ ወደቡ መናፈሻ ድረስ ተዘረጋ።

እንግዲህ የቀን መቁጠሪያውን ላስተያየ ሰው የሚገርም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. ሉሚናሪዬ ተመልሶ የተከፈተው ጃንዋሪ 19 ሲሆን በእኛ ጥር 10፣ የከተራ ዕለት ነበር። ኮቤ ላይ አምሽቶ መብራቱ ሲበራ ኢትዮጵያ ውስጥ ገና እኩለ ቀን ነው፤ ታቦታት ከመንበራቸው ለመነሳት የሚሰናዱበት ሰዓት። ሁለቱን በዓላት የሚያገናኝ ታሪክ የለም። በዚያው ወር፣ በውሃ ዳር፣ ሰው በሌሊት ብርሃን ይዞ የሚቆምበትን ከተማ በኢትዮጵያ ለሚፈልግ ግን መልሱ ከአዳማ ብዙም አይርቅም። ባቱ ነው።

ጎንደር አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። ጎንደር ጎንደር ነው፤ የፋሲለደስ መዋኛ ስሙ ዓለም አቀፍ ነው፣ ክርክር የለውም። ነገር ግን ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ የተመዘገበው የአንድ ከተማ በዓል አይደለም። ወንዝና ሐይቅ በሌለበት ከተማ ሰው ገንዳ ሞልቶ ያከብራል፤ ወንዝ ያለው ወንዙን ይገድባል። ባቱ ደግሞ ከበስተምሥራቋ እስከ አድማስ የሚደርስ ሐይቅ ተቀምጦላታል። በሐይቅ ላይ ታቦት በጀልባ ሲጓዝ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደዚህ ይመጣል።

ከአዳማ ባቱ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉዞው የሚጀምረው ወደ ኋላ፣ ወደ ሞጆ በመመለስ ነው፤ በዚህ በኩል የሚሄድ ሰው ሳያስበው የብርሃንን ታሪክ አብሮ ያያል። ከአዳማ ሲወጡ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በሁለት ዙር የተተከሉ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ 34፣ ሁለተኞቹ 102። ሁለቱ ተደምረው እስከ 204 ሜጋ ዋት ማመንጨት ይችላሉ። ጥር ደረቅና ነፋሻማ ስለሆነ በዚህ ወር ቆመው አይታዩም ማለት ይቻላል።

ሞጆ ቀጥላ ትመጣለች። ባሕር የሌላት የወደብ ከተማ ናት። አገሪቱ ከውጭ የምታስገባውና የምታስወጣው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ያልፋል፤ ከዚያም ከፊሉ በባቡር፣ ይበልጡ በተሳቢ መኪና ተጭኖ እዚህ ይራገፋል። ደረቅ ወደቡ ሥራ ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ማታ ላይ ያለፈ ሰው ኮንቴይነሮቹ እንደ ፎቅ ተደራርበው ከላይ ፓውዛ ሲለቀቅባቸው ያያል። ኮቤ ወደቧን ለበዓል ታበራለች፤ ሞጆ ለሥራ። ሹፌሮቹ ከተራም ይሁን ጥምቀት ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ሞጆን አልፎ መንገዱ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ ቆቃ ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለአዲስ አበባና ለአካባቢው ከተሞች ኤሌክትሪክ ያደረሰ ትልቅ ሥራ ነበር፤ አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነው፤ ዛሬ ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት። ገንዘቡ የመጣው ጣሊያን ለወረራዋ ከከፈለችው የጦር ካሣ ነው። ለኮቤ የተላከው የጣሊያን አምፖል ስጦታ ነበር፤ የእኛ መብራት ግን ዕዳ ተከፍሎ የተገኘ ነው። ይህን ማንሳት በበዓል ቀን ደግ ላይሆን ይችላል፤ ግን መንገዱ ላይ ስለሚገኝ ሳይጠቀስ አይታለፍም።

ዓለም ጤናና መቂ የመንገድ ዳር ገበያ ናቸው። ቀይ ሽንኩርት በከረጢት፣ ቲማቲም በሳጥን፣ ሐብሐብ መሬት ላይ ተቆልሎ። ከሞጆ እስከ ባቱ የፈጣን መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ብዙ መኪና እነዚህን ከተሞች ሳይነካቸው ያልፋል። ጊዜ ያለው በአሮጌው መንገድ ቢሄድ ይሻለዋል። የከተራ ዕለት ከሆነ ግን በጠዋት መነሳት ነው፤ መናኸሪያ ላይ ሚኒባስ ሞልቶ ይወጣል፣ ረዳቶቹም የበዓሉን ታሪፍ ራሳቸው ያወጡታል።

ባቱን ብዙ ሰው ዛሬም ዝዋይ ይላታል። የጽጌረዳ እርሻዎቿ የፕላስቲክ ቤቶች ከሩቅ ሲታዩ ሌላ ሐይቅ ይመስላሉ፤ የአበባው ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን፣ በተለይ ሴቶችን፣ ከየአካባቢው ስቦ ከተማዋን አሳድጓታል። የወይን ተክል አለ፤ ከእርሱም ወይን ጠጅ ይጠመቃል። ወደብ ሲባል ግን የባቱ ሰው የሚያመለክተው የጀልባ መቆሚያውን ነው። ዓሣ አጥማጆች የሌሊት ሥራቸውን አራግፈው እዚያው ይበልታሉ፤ አባ ኮዳ የተባሉት ትልልቅ ወፎችና ፔሊካኖች ፍርፋሪውን ለመልቀም ከሰው እግር ሥር አይጠፉም። ቆሮሶና አምባዛ በሐይቁ ዳር ቤቶች በዘይት ተጠብሶ ከዳጣ ጋር ይቀርባል።

እዚህ ላይ ለእንግዳ የሚጠቅም ማሳሰቢያ አለ። ጥር 10 ገሃድ ነው፤ ይጾማል። ዓሣ ይጾማል ወይስ ይበላል የሚለው ክርክር በባቱ ጠረጴዛ ላይ በየዓመቱ ይነሳል፣ በየዓመቱም ሳይፈታ ይቀራል። የሚጾመው ሽሮውን አዝዞ ዝም ቢል ይሻለዋል።

ሐይቁ ደምበል ይባላል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ የተኛና 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሐይቅ ነው። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቀቱን ሲሰማ ይደነግጣል፤ ጥልቅ በተባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ክፍል ከዚያ እጅግ ያነሰ። የመቂና የቀታር ወንዞች ከግራና ከቀኝ ደጋ ወርደው ይሞሉታል፤ በቡልቡላ በኩል ደግሞ ወጥቶ ወደ አብጃታ ይፈሳል። ውሃው ከአጎራባቾቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተለይቶ ለመስኖና ለመጠጥ የሚሆን ጨው አልባ መሆኑ ሀብቱም መከራውም ነው።

አምስት ደሴቶች አሉት፤ ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ደብረ ሲና፣ ገሊላና ፉንዱሮ። የደሴቶቹ ሰዎች ዛይ ናቸው። ቋንቋቸው ከስልጤና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ሲሆን ዛሬ ተናጋሪዎቹ ጥቂት ሺዎች ብቻ ናቸው፤ ብዙዎቹም ደሴቱን ትተው ባቱ፣ መቂና በሐይቁ ዙሪያ ሰፍረዋል። የዛይ አባቶች ስለ አመጣጣቸው ሲናገሩ ሁለት ስደት ያነሳሉ። አንደኛው በዮዲት ጉዲት ዘመን፣ ካህናት ጽላተ ሙሴን ይዘው ከአክሱም ሸሽተው ቱሉ ጉዶ ላይ ለ70 ዓመት ያህል ጠብቀውታል የሚለው ነው። ሌላው በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ፣ ከየብስ የሸሹ ክርስቲያኖች ከነመጻሕፍታቸው በደንገል ታንኳ ተሻግረው ደሴቶቹን መጠጊያ ያደረጉበት ነው። የመጀመሪያው ትውፊት ነው፤ ታሪክ ጸሐፊ በማስረጃ አያረጋግጠውም። በቱሉ ጉዶ ማርያም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን የተጠበቁት የብራና መጻሕፍት ግን የሚታዩ፣ የሚነበቡ ናቸው። ከግራኝ ጦርነት ወዲህ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ድረስ እነዚህ ሰዎች ለማዕከላዊው መንግሥት ከሞላ ጎደል ተረስተው፣ ከዙሪያቸው ካለው ኦሮሞ ጋር እየተገበያዩና እየተጋቡ፣ ድንጋያማውን ኮረብታ በእርከን እያረሱ፣ እየሸመኑና ዓሣ እያጠመዱ ኖረዋል። ቱሉ ጉዶ የደረሰ ሰው እርከኖቹን ዛሬም ያያል። በሞተር ጀልባ ከባቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ የቤተ ክርስቲያኑ አቀበት ደግሞ ለብቻው ነው።

ባቱ ራሷም በቤተ ክርስቲያን ታሪክ የምትጠቀስበት ቦታ አላት። ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም በሐይቁ አቅራቢያ ይገኛል። የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ጎርጎርዮስ የካህናት ማሠልጠኛውን የመሠረቱት እዚያ ነው፤ በ1970ዎቹ ለክረምት ትምህርት የሄዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዛሬ አዛውንት ሆነው ዝዋይን የሚያስታውሱት በዚህ ነው። ሃይማኖት መማር ቀላል ባልነበረበት በደርግ ጊዜ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ከተራ።

ቀኑ ሲያጋድል፣ ፀሐዩ ጋብ ሲል፣ ታቦታቱ ከየአጥቢያቸው ይወጣሉ። አስፋልቱ ከጠዋት ጀምሮ ተጠርጎ ውሃ ተርከፍክፎበታል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጨርቅ ከምሰሶ ምሰሶ ተወጥሯል። ፊት ፊት የሚሮጡት ምንጣፍ አንጣፊዎቹ ናቸው። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች ረጅሙን ቀይ ምንጣፍ ዘርግተው፣ ታቦቱ ሲያልፍ ከኋላ ጠቅልለው፣ ተሸክመው እየሮጡ እንደገና ከፊት ያነጥፋሉ። ይህ ልማድ በከተሞች የተስፋፋው በቅርብ ጊዜ ነው፤ ዛሬ ግን ያለ እነርሱ ከተራን ማሰብ ያስቸግራል። የሰንበት ተማሪዎች በየዩኒፎርማቸው ይዘምራሉ፤ ካህናቱ በመቋሚያና በጸናጽል ያሸበሽባሉ። ሽማግሌዎቹ ወደ ኋላ ቀርተው በቀስታ ይራመዳሉ፣ እናቶች እልል ይላሉ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚባለው በባቱም ይሠራል፤ ነጩ ቀሚስ፣ የኦሮሞ ባህል ልብስና የጉራጌ ሰፈር ልጆች ጭፈራ አንድ ጎዳና ላይ ይገናኛሉ። ከተማዋ የብዙ ሃይማኖት ከተማ ናት፤ በሩ ላይ ወጥቶ የሚመለከተው፣ ውሃ በጆግ ለአላፊው የሚያቀብለው ሁሉ ኦርቶዶክስ አይደለም።

ባቱን ከሌሎች የሚለያት የሚመጣው ሰልፉ ውሃው ጋ ሲደርስ ነው። ታቦት የተሸከሙ ካህናት በጌጠኛ ጃንጥላ ጥላ ሥር ሆነው ወደ ጀልባ ይገባሉ። ጀልባዎቹ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ሰው የሚያመላልሱ፣ ለበዓሉ ብቻ የተሸለሙ ናቸው። በየብስ ላይ ሲጮህ የነበረው ከበሮ ከውሃው ላይ ሲሰማ ሌላ ድምፅ ያወጣል። ዳር ላይ ያለው ሕዝብ በሐይቁ ጠርዝ እየተከተለ ይሄዳል፤ እግሩ ጭቃ ገብቶ ጫማውን በእጁ የያዘ አይጠፋም። የደሴቶቹን ታሪክ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስባል፤ ታቦት በታንኳ ማሻገር ለዚህ ሐይቅ ሰዎች ለትርዒት የተፈጠረ አዲስ ነገር አይደለም።

ብርሃኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ በጥር ከ12 ሰዓት ትንሽ እልፍ ስትል ትገባለች፤ ምሽቱም ቶሎ ይጨልማል። ታቦታቱ በድንኳን ሲያድሩ ሕዝቡም አብሮ ያድራል። ጧፍ ይበራል። አንዱ ከሌላው እየለኮሰ ዳርቻው ሁሉ ይያያዛል። ጄኔሬተር የሚያጓራበት አካባቢ አለ፤ የስልክ ባትሪ የሚያበራው ወጣትም ብዙ ነው። ማኅሌቱ ሲያመሽ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቅዳሴው ሲጀመር፣ እንቅልፍ ያሸነፋቸው ሕፃናት በነጠላ ተጠቅልለው ከእናቶቻቸው ጀርባ ይተኛሉ።

ኮቤን አይቶ ባቱን የሚያይ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚለየው ይህንን ነው። ሉሚናሪዬን ባለሙያ ይሠራዋል፣ ሰው በሰልፍ አልፎ ያየዋል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር አምፖል ነው፣ ውበቱ አይካድም፤ ጎብኚው ግን ተመልካች ነው። የከተራን ብርሃን የሚሠራው የመጣው ሰው ነው። ጧፍ ያልያዘ ሰው ቢበዛ ሌሊቱ ጨለማ ይሆናል። እንዲያውም ከኮቤ ለባቱ የሚቀርበው ሉሚናሪዬ ሳይሆን ሌላው፣ ብዙ ጎብኚ የማያውቀው ሥርዓት ነው። በየዓመቱ ጃንዋሪ 17 ማለዳ፣ ሂጋሺ ዩኤንቺ በሚባለው መናፈሻ፣ የኮቤ ሰዎች በቀርከሃ ቁራጭ ውስጥ ሻማ አብርተው ይሰበሰባሉ። 5፡46 ሲሆን፣ በእኛ አነጋገር 11፡46፣ ሁሉም ዝም ይላል። እዚያ ሙዚቃም ሻጭም የለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ቀላል አይደለም፤ የኮቤው ሐዘን ነው፣ የባቱው ደስታ።

ለሌሊቱ የሚሄድ ሰው ጋቢ ይያዝ። ቆላ ነው ብሎ በስስ ልብስ የመጣ በሐይቁ ነፋስ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል። መኝታ ለማግኘት ቀደም ብሎ መደወል ያስፈልጋል፣ አጎበር ያለው ክፍል መጠየቅም ነውር አይደለም፤ ወባ በዚህ አካባቢ አለ። ከሐይቁ ዳር ሣር ውስጥ በሌሊት ብቻውን የሚሄድ ደግሞ የጉማሬ አገር መሆኑን ያስታውስ። በቀን ልጆች ሲዋኙ አይቶ መግባት ያማረው ሰው፣ በደምበል ቢልሃርዝያ እንዳለ የጤና ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ መመዝገባቸውን ቢያውቅ ጥሩ ነው። ፎቶ ለሚያነሳ፦ ታቦት ሲያልፍ ፊት ለፊት ገትሮ ማንሳት፣ በድንኳኑ አጠገብ ፍላሽ ማብራት ያስቆጣል። ጫማ የሚወለቅበት ቦታ ላይ ጫማ ይወለቃል።

ጥር 11 ሲነጋ ወንጌል ይነበባል፤ ውሃው በመስቀል ይባረካል። ከዚያ የሚሆነው ለመግለጽ ያስቸግራል። ቧንቧ፣ ባልዲ፣ ሃይላንድ ላስቲክ፣ እጅ፣ ባገኘው ነገር ሁሉ ሰው ይረጫል፣ ይረጫጫል። ሽማግሌው ከልጁ እኩል ይስቃል። ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ሲመለሱ ደግሞ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ጭፈራ ነው። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ጥር 12 ይመለሳል።

ብዙ ታቦት በአንድ ቦታ ማየት የሚሻ ከሞጆ ወደ ሰሜን ቢታጠፍ የምንጃር ሸንኮራው ኢራንቡቲ አለለት፤ ከየገጠሩ የሚመጡ 44 ታቦታት አንድ ሜዳ ላይ ያድራሉ። የውሃ ዳር በዓል በቀን ብርሃን የሚፈልግ ደግሞ ጥርን መጠበቅ የለበትም፤ ቢሾፍቱ ላይ በሆራ አርሰዲ የሚከበረው ኢሬቻ መስከረም መጨረሻ ገደማ፣ ከመስቀል ቀጥሎ ይመጣል። እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ በሐይቅ ዳር ማመስገን ከጥምቀቱ የተለየ እምነትና ሥርዓት አለው፤ እነዚህ ሐይቆች ግን ሁለቱንም ያስተናግዳሉ።

የ2017ቱ ጥምቀት በዚህ አካባቢ የተለየ ነበር። ከታኅሣሥ ጀምሮ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬቱ በየቀኑ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥር ከመግባቱ በፊት ከ5 በላይ የተመዘገቡ ነውጦች ነበሩ፤ የካቲት 7 ላይ ደግሞ 6.0 ተመዘገበ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነስቶ ወደ ሌላ ቦታ ተወሰደ። አዳማ ላይ ሰው ሌሊት ተነስቶ ከፎቅ ወደ ግቢ ወጥቷል። ምክንያቱ ሚስጥር አይደለም፤ የስምጥ ሸለቆ መሬት እየተላቀቀ ያለ መሬት ነው፣ ከሥር የቀለጠ ድንጋይ መንገድ ሲፈልግ ከላይ ያለው ይነቃነቃል። ደምበልን ራሱን የፈጠረው ይኸው መሬት ነው፤ ከሐይቁ በስተደቡብ ያለው የአሉቶ እሳተ ገሞራ እንፋሎቱ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት እስከሚያገለግል ድረስ ዛሬም የሞቀ ነው። ሰው ግን በዚያ ጥርም ታቦቱን አጅቦ ወጣ። በኮቤ ብርሃኑ ከመንቀጥቀጡ በኋላ መጣ፤ እዚህ መንቀጥቀጡ ከብርሃኑ ጋር በአንድ ወር ተገናኘ። ጃፓን ከዚያ ቀን ወዲህ የሕንፃ ሕጓን አጥብቃለች፤ ኮቤም በወደቡ መናፈሻ ውስጥ የተሰባበረውን የመርከብ መቆሚያ አንድ ክፍል እንዳለ አስቀምጣ ለልጆቿ ታሳያለች። በአዳማና በባቱ አዳዲስ ፎቆች እየተገተሩ ባሉበት በዚህ ጊዜ ይህ ቢጠና አይጎዳም።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ውሃው ነው። የደምበል ውሃ ለአበባ፣ ለአትክልት፣ ለከተማ መጠጥ ይሳባል፤ በዙሪያው የተተከለው የመስኖ ፓምፕ ብዛት ከመንገድ ላይ ሆኖ እንኳ ይታያል። ከሐይቁ የሚወጣው ቡልቡላ ሲቀንስ የመጨረሻዋ ተቀባይ አብጃታ ትጎዳለች፤ የሶዳ አሽ ፋብሪካ የሳበው ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ አብጃታ ከቀድሞ ዳርቻዋ ብዙ ርቀት ሸሽታለች። የአብጃታን አሮጌ ዳርቻ ያየ ሰው ደምበልን በሌላ ዓይን ያያል፤ ጥልቀቱ ትንሽ ለሆነ ሐይቅ አንድ ሜትር መውረድ ብዙ ነው። እምቦጭም መጥቷል። ይህ አረም በአገራችን መጀመሪያ የታየው በ1950ዎቹ መጨረሻ በቆቃና በአዋሽ ሲሆን ወደ ደምበል ለመድረስ ጊዜ ቢወስድም ደርሷል። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸው እንደ ድሮው እንደማይከብድ ይናገራሉ፤ የባቱ ዓሣና ሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከልም ለዓመታት ሲያጠና የቆየው ይህንኑ የዓሣ ሀብት ነው።

ከኮቤ ምን ይወሰድ ቢባል፣ አምፖሉ አይደለም። ሉሚናሪዬ ለእያንዳንዱ ጎብኚ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ የ100 የን ሳንቲም። ግዴታ አይደለም። በሰልፉ ላይ የቆሙ በጎ ፈቃደኞች ሣጥን ይዘው ይጠይቃሉ፤ የተሰበሰበው ለሚቀጥለው ዓመት ወጪ ይውላል። መንግሥት የሚሰጠውና ድርጅቶች የሚረዱት ሲያንስ፣ ሳንቲሙ በዓሉ መቀጠል አለመቀጠሉን እስከ መወሰን የደረሰባቸው ዓመታት ነበሩ። ባቱ ላይ በከተራ ዕለት የሚሰበሰበው ሕዝብ ቤተ ክርስቲያኑን ያስባል፤ ሙዳየ ምጽዋቱ ባዶ አይመለስም። ለሐይቁ የሚዘረጋ ሣጥን ግን የለም። ከአዲስ አበባና ከአዳማ የሚመጣው እንግዳ ለጀልባ፣ ለአልጋ፣ ለዓሣ ይከፍላል፤ ከዚያ ላይ 20 ብር ለእምቦጭ ነቀላ፣ ለዳር ሣርና ለሸምበቆ ጥበቃ ቢጠየቅ እምቢ የሚል ብዙ አይመስልም። ማን ይሰብስብ፣ ማን ይቆጣጠር የሚለው ግን ከወዲሁ መነጋገር ይፈልጋል፤ የከተማ አስተዳደሩ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ የጀልባ ማኅበራቱና ዓሣ አጥማጆቹ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡበትን ቀን ከጥር በፊት ማግኘት አለባቸው፤ ጥር ከገባ ሁሉም በድግሱ ይጠመዳል።